የአርብ ምሳ ችሎት

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ቤት የተቀመጥኩበት ዓመት ስለሆነ አልረሳውም። ዛሬም ድረስ አንድ ሰው ሻዩን አማስሎ ሲያበቃ ማንኪያውን በብርጭቆው ጠርዝ ላይ ሦስት ጊዜ ቃ፣ ቃ፣ ቃ ካደረገ ብድግ ልል ይዳዳኛል። በቀደም እንኳ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የጽሕፈት ሱቄ ውስጥ አንድ ደንበኛ እንደዚያ ሲያደርግ እጄ ከኮምፒዩተሩ ላይ ተነሣ።

«ምነው እትዬ፣ ደነገጡ እንዴ?» አለኝ።

«የለም፣ ችሎት የተሰየመ መስሎኝ ነው።»

ሳቀ። እውነቱን ነው፣ ነገሩ የሚያስቅ ነበር። እኔም እስከ አንዲት አርብ ድረስ ከሁሉም በላይ እስቅበት ነበር።

አባቴ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከአንድ ጃካራንዳ ዛፍ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ለባለጉዳይ ክስና ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር። ራፖር ጸሐፊ ይሏቸዋል እንደሱ ያሉትን። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማ፣ አንድ ከባድ የጽሕፈት መኪና፤ ሀብቱ ይኸው ነው። ዛፉ ሲያብብ ሐምራዊው አበባ በታይፑ ቁልፎች መካከል ይረግፍና አባቴ በትንፋሹ እፍ እያለ ያስወጣዋል። የካርቦን ወረቀቱ ሽታ፣ ከከተማችን ሐይቅ በኩል የሚመጣው የእርጥብ ቄጠማ ሽታ፣ የብስክሌት ደወል፤ ዓይኔን ብጨፍን አሁንም እዚያው ነኝ። ሕግ በትምህርት ቤት አልተማረም። ወሎ ውስጥ በልጅነቱ ሽማግሎች አደባባይ ላይ በላ ልበልሃ እያሉ ሲሟገቱ ሰምቶ ያደገ፣ ኋላም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ጠበቆቹ ግን «ጋሼ፣ ይቺ ነገር እንዴት ትጻፍ?» እያሉ ይጠይቁት ነበር።

እንግዲህ አርብ የምሳ ሰዓት እንደሚረዝም ታውቃላችሁ። ሳምንቱን ሙሉ በፍቺና በድንበር ሲነታረኩ የሰነበቱት ጠበቆችና ዐቃብያነ ሕግ ከመንገዱ ማዶ ካለችው ቆርቆሮ ሻይ ቤት ይሰበሰባሉ። ለጾመኛው ፉልና ሳምቡሳ፣ ለማይጾመው እንቁላል በሥጋ ይበላና ከዚያ የቀልድ ችሎት ይሰየማል። ዳኛው አባቴ ነው። የባለ ሻይ ቤቷን ጥቁር ሽርጥ እንደ ካባ ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና በማንኪያው ብርጭቆውን ሦስት ጊዜ ይመታል። ትልልቆቹ ሰዎች አፋቸው ውስጥ ያለውን እየዋጡ ይነሣሉ።

ክሶቹን ብትሰሟቸው! አንድ ጊዜ ጦጣ ከአንድ ረጅም ጠበቃ እጅ ሳምቡሳ ነጥቃ ዛፍ ላይ ወጣችና፣ ድርጊቱ ስርቆት ነው ወይስ ውንብድና ተብሎ ሁለት አርብ ሙሉ ክርክር ተካሄደ። ሌላ ጊዜ ከጎረቤት ዛፍ ከአጥር ወዲህ የወደቀ አቮካዶ የማን ነው ተባለ፤ ፍርድ ሳይሰጥ ኤግዚቢቱን አንዱ በላው። ዐቃቤ ሕጓ፣ ጮክ ብላ የምትስቅ ወጣት ሴት፣ አባ ኮዳ ልብሷን አበላሽቶባት ወፉን በሌለበት ከሰሰችው። ቅጣቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። የተረታ ሰው ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል፤ ሲጠጣም ፊቱን ማጨማደድ ክልክል ነው።

እኔ እዚያ ምን እሠራ ነበር? ለሰው «ታይፕ እየተማረች ነው» ይባላል። እውነቱ ሌላ ነው። የአባቴ ዓይን እየጠፋ ነበር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም ብሎታል። ጣቶቹ ቁልፎቹን ስለሚያውቁ መጻፉን ይጽፋል፤ ባለጉዳይ ያመጣውን ወረቀት ግን ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ወረቀቱን ለእኔ ያቀብልና «ልጄ ንባብ ትለማመድ፣ ፈተና ወድቃብኝ ነው» ይላል። ሰዉ ያዝንልኛል፤ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሱ ይሰማና ይጽፋል። መጀመሪያ ቀን አጠገቡ ያስቀመጠኝ ጊዜ፣ «ይቺ ነገር ከእኔና ከአንቺ እንዳትወጣ። ሰው ጉዳዩን ለማያይ አይሰጥም» ብሎኝ ነበር። ለእናቴ እንኳ ገና አልነገራትም።

ያን ጊዜ የጎደለኝን ልንገራችሁ። ጓደኞቼ ወደ መሰናዶ ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ እኔ የአባቴ ወረቀት አንባቢ ሆኛለሁ። እነዚያ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ግን ወሬዬን ይወዱታል። «ማሚቱ፣ እስኪ ያንን የባጃጁን ነገር ድገሚልን» ይላሉ። ስቀው ሲያበቁ ግን ወደ ራሳቸው ጉዳይ ይመለሳሉ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እንደነሱ ቆሜ ተከራክሬ እንዲያጨበጭቡልኝ ፈለግሁ።

ያቺ አርብ መጣች። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ከእኛ ጀርባ ባለው ጠረጴዛ ከገጠር የመጡ አንድ የሲዳማ ሽማግሌ ዳቦ በሻይ ይበላሉ፤ የድንበር ክሳቸውን ከሰዓት ሊጽፍላቸው አባቴ ሰነዳቸውን ተቀብሎ ቦርሳው ውስጥ አስቀምጦላቸዋል። ረጅሙ ጠበቃ ፋይል እያገላበጠ ሻዩን ሳያይ አንዴ ፉት አለና ፋይሉ ላይ ረጨው።

«ጨው! ጨው ነው!»

ወዲያው ክስ ተመሠረተ። ተከሳሽ ባለ ሻይ ቤቷ። ከሳሽ ዐቃቤ ሕጓ። «ተከሳሿ ጠበቃ ያስፈልጋታል» ተባለና ዓይኑ ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። ልቤ ዘለለ። አባቴ ሽርጡን ደረበ፣ ብርጭቆውን መታ፣ ቃ ቃ ቃ።

«ተጠየቂ!» አለቻት ዐቃቤ ሕጓ። «የጨውን ሣህን ማን ሞላው?»

«እኔ።»

«የስኳሩንስ?»

«እኔ።»

«ሻዩንስ ማን ቀዳው?»

«እኔ ነኛ! ታዲያ ማን ሊቀዳልሽ ነው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት?»

ሳቁ ቆርቆሮውን አናወጠው። ረጅሙ ጠበቃ ተነሥቶ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምላሴ ቀይ ባሕር ገብቶ የወጣ ያህል ነው፤ ካሣ ይቆረጥልኝ» አለ።

እኔ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሆነውን አይቻለሁ። አባቴ ረጅሙን ጠበቃ እንደ ልጁ ይወደው ስለነበር፣ ፋይል ማገላበጡን ሰምቶ እንደ ልማዱ ሁለት ማንኪያ ጨመረለት። እጁ የገባው ለእንቁላል ከቀረበው የጨው ሣህን ነው።

ተነሣሁ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ደንበኛዬ ሻዩን ቀዳች እንጂ ማንኪያ አልነካችም። ማንኪያ የነካው ሌላ ሰው ነው።»

«ማነው?»

«ዳኛው!»

ቤቱ ተገለባበጠ። ዐቃቤ ሕጓ ጠረጴዛ ደበደበች። አባቴም ሳቀ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ! ሳቅ ሆኖ ያልፍ ነበር፣ አባቴም ያለ ስኳር ጠጥቶ እንስቅበት ነበር። እንዲያውም ብርጭቆውን አንድ ጊዜ ብቻ ቃ አደረገ። «ይበቃሻል» ማለቱ ነበር፤ ገብቶኛል። ዐቃቤ ሕጓ ግን ጣቷን ወደኔ ዘረጋች።

«ማስረጃ! ክቡር ዳኛው ጨውና ስኳር አይለዩም ነው የምትይው?»

ሁሉም እኔን ያዩኛል። እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም።

«እንዴት ይለያሉ? የሚጽፉትን ወረቀት እንኳ የማነብላቸው እኔ ነኝ! ፊታቸው የተቀመጠውን ሰው የሚያውቁት በድምፁ ነው!»

ሳቁ ጀመረና መሃል ላይ ቀረ። ከውጭ የብስክሌት ደወል ተሰማ። የአባቴን ፊት አየሁ፤ ፈገግታው አልጠፋም፣ ግን ባለቤት የሌለው ዕቃ ይመስል ነበር። ቀስ ብሎ ብርጭቆውን ሦስት ጊዜ መታ።

«ተከሳሿ በነጻ ተሰናብታለች። ጥፋቱ የዳኛው ሆኖ ተገኝቷል። ዳኛው ሻያቸውን ያለ ስኳር ይጠጡ።» ቆም አለና፣ «ጠበቃዋ በማስረጃ ረታለች» ጨመረበት።

ጠጣ። ፊቱን አላጨማደደም። ማንም አላጨበጨበም።

ያኔ ከጀርባችን የነበሩት ሽማግሌ መጥተው ጠረጴዛችን ዘንድ ቆሙ። «አንተ ጥሩ ሰው ነህ» አሉት ለአባቴ። «ግን መሬት ነው። ወረቀቴን ስጠኝ።» አባቴ ቦርሳውን ከፍቶ በእጁ ዳበሰና አንድ ወረቀት አወጣ። የእሳቸው አልነበረም። ላግዘው እጄን ስዘረጋ «ተይ» አለኝ። በሕይወቴ እጄን ሲገፋው ያቺ የመጀመሪያዋ ናት። ሽማግሌው ራሳቸው ፈልገው ሰነዳቸውን ወሰዱ፤ አጎንብሰው እጅ ነሥተውት ወጡ።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ እንደ ወትሮው ትከሻዬን አልያዘም። የአጥሩን ግንብ በጣቱ ጫፍ እየዳሰሰ ሄደ። ግንቡ ያለቀበት ቦታ ላይ ቆመ፤ እንድደርስለት ፈልጎ ነው ወይስ ደክሞት፣ ዛሬም አላውቅም።

«አባዬ...» አልኩት።

«ማስረጃ ስጪ ተባልሽ፣ ሰጠሽ» አለ። «ነይ እንሂድ።»

ይቅርታ ማለት የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር። ነገ እለዋለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ሰኞ ወደ ጠረጴዛችን የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አጠገባችን ያለው ጸሐፊ ሰልፍ ስለበዛበት ነበር፣ እዚያ ተራው ሲደርስ ከእኛ ተነሥቶ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት አባቴ ጠረጴዛውን አጠፈ። ጠበቆቹ አርብ አርብ ልጅ እየላኩ ቢያስጠሩትም ወደ ሻይ ቤቱ አልተመለሰም፤ የቀልድ ችሎቱም ያለ ዳኛ ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ ረጅሙ ጠበቃ በቢሮው በጸሐፊነት ቀጠረኝ። ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። ያቺ ክርክሬ ናት ያስቀጠረችኝ አልኩ በልቤ፤ አፍሬም ቢሆን ኮርቼባታለሁ። የመጀመሪያ ቀን ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ የአባቴን የጽሕፈት መኪና አገኘሁ። በቁልፎቹ መካከል የደረቀ ሐምራዊ አበባ ነበረ። ጠበቃው «ከአባትሽ ገዛሁት» አለኝ። እኔን ሳያማክር መሸጡ ከነከነኝ፤ አባቴን ተቀየምኩት። አዎ፣ እኔ፣ እሱን! ወራት ሙሉ ማታ ሲጠይቀኝ ባጭሩ እየመለስኩ ወደ ጓዳ እገባ ነበር። እሱም አላስረዳኝም።

አባቴ አምና ዐረፈ። ረጅሙ ጠበቃ፣ አሁን ጸጉሩ የሸበተ፣ ለለቅሶ መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰዉ ፈንጠር ሲል ወደኔ ዘንበል ብሎ፣ «አሁንማ ልንገርሽ፤ ቃል ያስገባኝም የለም» አለ።

ጠረጴዛውን ባጠፈ ማግስት አባቴ ታይፑን በትከሻው ተሸክሞ፣ ግድግዳ እየተደገፈ የጠበቃውን ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ብቻውን ወጣ። ቁጭ በል ቢሉት እንቢ ብሎ፣ እንደ ባለጉዳይ ቆሞ ተናገረ። «ልጅቷ የተናገረችው እውነት ነው። በእውነቷ እንዳትቀጣ። እጇ ከእኔ ይሻላል፣ ሥራ ስጣት። መኪናውንም ተቀበለኝ፤ ለምዳዋለች። እኔ መጣሁ እንዳትላት፤ ገዛሁት በላት» አለ። ከዚያ በኋላ ነው የተቀመጠው። ሻይ አስመጡለት። ስኳሩን ሲያቀርቡለት ብርጭቆውን በመዳፉ ከደነ። ያለ ስኳር ጠጥቶ ጨረሰና፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እየቆጠረ ወርዶ ወደ ቤቱ ሄደ።