ለሩሲያ ብቻ የሚሞት ሰው

አክሰል ሮንደ በየፊልሙ አንዴ ይሞታል፣ አንዴ ያገባል። የኮፐንሃገን ፊልም ሠሪዎች ልማድ ነው፤ ሩሲያውያን ካላለቀሱ ፊልም ያዩ አይመስላቸውም፣ የቀረው ዓለም ሰርግ ይፈልጋል። ስለዚህ ለአንድ ታሪክ ሁለት መጨረሻ ይቀረጻል። አክሰል ጠዋት ይሞታል፣ ምሳውን ይበላል፣ ከሰዓት በኋላ ይሞሸራል። ተዋናዩም አዘጋጁም እሱ ነው። ድምፅ በሌለው ፊልም ፊቱ ብቻውን ይናገር ነበር፤ ሕዝቡም ወደደው።

ከዚያ የትውልድ መንደሩን የስካገንን ዓሣ አጥማጆች ታሪክ ሠራ። አባቱን የበላው የዚያው መንደር ባሕር ነው። በታሪኩ ዓሣ አጥማጁ ይሰጥማል፣ እጮኛው ዳር ላይ ቆማ ትቀራለች። አክሰል ዴንማርኮችም ይህንኑ መጨረሻ እንዲያዩ ፈለገ።

የስቱዲዮው ባለቤት ሆልክ ሲጋራውን ከአፉ ሳያወርድ ሰማው።

«እዚህ አገር ከፍሎ የሚያለቅስ የለም። ነገ ሰርጉን ቅረጽ።»

«አባቴ ከባሕር አልተመለሰም፣ ጌታዬ።»

«አባትህ ሩሲያዊ ነበር እንዴ?»

ካሜራ ያዡ ቪጎ ሳቀ። አክሰል አልሳቀም። በማግስቱ የዓሣ አጥማጁን ረጅም ጢም ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ መጣ።

«ጢምህስ?» አለ ሆልክ።

«ሰጠመ።»

«ሰው ሠራሽ ለጥፉለት።»

«ለሌላ ለጥፍለት። እኔ ሞቻለሁ» አለ አክሰል። ሆልክን አንተ ሲለው የመጀመሪያው ነበር።

ሆልክ አባረረው። በእሱ ቦታ አንዱን የስቱዲዮ አናጢ ጢም ለጥፎበት፣ ጀርባውን ለካሜራ አዙሮ ዳረው።

ፊልሙ በተመረቀ ቀን ሙሽራው በጀርባው ብቅ ሲል አክሰል ከተመልካቹ መሃል ተነሣ። ፊልሙን በዜማ የሚያጅበው ፒያኖ መቺ አቆመ።

«ያ ሰውዬ እኔ አይደለሁም። እኔ ሰጥሜያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልረጠብክም?» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዘበኞች ክንዱን ይዘው አወጡት።

ከዚያ ወዲያ የሚቀጥረው ስቱዲዮ ጠፋ። ቪጎ ግን ለሩሲያ ከታሸገው አንድ ቅጂ ሰርቆ ሰጠው። አክሰል ስካገን ሄዶ ዓሣ መሸጫው አዳራሽ ውስጥ አንሶላ ሰቀለ። ባል የሞተባቸው ሴቶች ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሊጀመር ሲል ሆልክ ፖሊስ አስከትሎ ገባ።

«ፊልሙ የእኔ ነው። አምጣውና ሥራህ ላይ ተመለስ፣ እርቅ እናውርድ።»

«መብራቱን አጥፉ» አለ አክሰል።

ፖሊሱ የመንደሩ ልጅ ነው። ሴቶቹን አየ፤ አንዷ እናቱ ነበረች።

«ምን ቆመሃል? ያዘው እንጂ» አለ ሆልክ።

«ይያዛል፣ ጌታዬ። ሲያልቅ» አለ ፖሊሱ፤ ባርኔጣውን አውልቆ እናቱ አጠገብ ተቀመጠ።

ዓሣ አጥማጁ ሰጠመ። ማንም አላለቀሰም፣ ማንም አልተነሣም። መብራት ሲበራ አክሰል ፊልሙን ጠቅልሎ ራሱ ለሆልክ አስታቀፈው።

«እንካ። አይተውታል።»