አንድ ኳስ ብቻ

የቴኒስ ተጫዋቹ ጉልበት ካለቀ ቆይቷል። ሐኪሙ “ይህ ውድድር የመጨረሻህ ይሁን” ካለው ወዲህ ግን እንቅልፍ የነሳው ሌላ ነገር ነው፦ በሙያ ዘመኑ መቶ ሠላሳ ጊዜ አሸንፎ መቶ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተሸንፏል። ትምህርቱን ትቶ ራኬት ሲይዝ ግንበኛው አባቱ፣ “ካቆመው ይልቅ የፈረሰበት የበዛ ሰው ግንበኛ ነኝ አይበል” ብለውት ነበር። አባት ተናግረው ረሱት፤ ልጅ ሃያ ዓመት ተሸክሞት ዞረ። አንዳንድ ወላጅ ምላሱን ቢይዝ ምን ነበረበት!

ዕጣው ከረጅሙ ጋር አገናኘው። ረጅሙ ከልጅነት ጀምሮ አብሮት የተጫወተ፣ እነሱ ቤት በልቶ ያደገ ጓደኛው ነው። ሰውነታቸውን ሲያሟሙቁ ረጅሙ ቁርጭምጭሚቱን ወለም አለውና አግዳሚው ላይ ተዘረረ።

“በቃ፣ አልችልም። እለፍ ወንድሜ፤ እንኳን ደስ ያለህ።”

የምን ደስታ! ጨዋታው ሳይጀመር ተጋጣሚህ ከቀረ ወደሚቀጥለው ዙር ታልፋለህ እንጂ ድል አይቆጠርልህም። አንዲት ኳስ ከተመታች በኋላ ካቋረጠ ግን ድል ነው። ነገ ተጫዋቹ ራሱ በተራው ሳይጀምር ቢቀር ሽንፈት አይጻፍበትም። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበው። ዳኛው ከፍ ወዳለው ወንበሩ እየወጣ ነው። ተጫዋቹ በዚያ በታመመ ጉልበቱ ተንበረከከ።

“አንድ ኳስ ብቻ ምታልኝ። በአባቴ!”

“አብደሃል እንዴ? መቆም አቃተኝ እኮ!”

“አንድ ብቻ፣ ከዚያ ትወጣለህ። እባክህ፣ ሌላ ቀን የለኝም።” እንባው ሲወርድ አላፈረም።

ረጅሙ ትክ ብሎ አየው። “ላንተ ስል ነው” አለና ራኬቱን ተደግፎ ተነሳ። ኳሷን ወደ ላይ ወረወረ፣ መታት፣ በተጎዳው እግሩም አረፈ። ቀጭ ሲል ተመልካቹ ሁሉ ሰማ። ኳሷ መረቡ ሥር ስትንከባለል እሱ መሬት ላይ ይጮህ ነበር። ዳኛው አሸናፊውን ሲናገር ያጨበጨበ ሰው የለም።

ቃሬዛው እንደወጣ ተጫዋቹ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቶ ደወለ። 

“አባዬ፣ እኩል ሆነ! ድሌና ሽንፈቴ እኩል ሆነ።”

“የምን እኩል?”

የግንበኛውን ነገር ሲያስታውሳቸው አባት ሳቁ። “አይ አንተ! ያንን ቀልድ እስከ ዛሬ ይዘኸው ኖሯል? እንኳን ደስ ያለህ የኔ ልጅ! ማንን አሸነፍክ?”

ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ቃሬዛው ወደወጣበት በኩል ዞረ።

“ሃሎ? ማንን ነው ያሸነፍከው?”