እትዬ መርፌ ያቀያየሯቸው መጨረሻዎች

እትዬ መርፌን የፈለገ ሰው ወደ ቤተ መጻሕፍታችን ምድር ቤት ወርዶ የሙጫውን ሽታ መከተል ብቻ ይበቃዋል። ክፍላቸው ጠባብ ናት፤ አንድ መስኮት፣ አንድ የብረት መጭመቂያ፣ የክር ጥቅልሎች፣ ወስፌ፣ ሁለት ወንበር። አንዱ ላይ እሳቸው ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ላይ ሁልጊዜ መጽሐፍ ስለተቆለለበት እንግዳ ሲመጣ ቆሞ ያወራል። የቤተ መጻሕፍታችንን የተገነጠለ መጽሐፍ ሁሉ ሃያ ስድስት ዓመት የሰፉት እሳቸው ናቸው። እኔ ፎቅ ላይ የውሰት ጠረጴዛ ላይ ነኝ፤ እሳቸው የሰፉትን አውሳለሁ፣ አንባቢ የገነጠለውን አወርድላቸዋለሁ።

አንድ አመል አላቸው፤ ያላነበቡትን አይሰፉም። አንዴ ቸኩዬ ብነዘንዛቸው፣ በሽተኛውን ምን አመመህ ሳይል የሚቀድ ሐኪም አይተሽ ታውቂያለሽ ብለው ዝም አሰኙኝ። ከሁሉ የሚወዱት የወንጀል ታሪክ ነው። ከዚያ ልብ አንጠልጣዩ ይከተላል፤ ከዚያ ደግሞ ያልነበረ ዓለም የሚፈጥሩት ልብ ወለዶች። አንብበው ሲጨርሱ የተሰማቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ከኋላው ሽፋን ውስጥ ይለጥፋሉ። ፍሬኑ ስለተበጠሰ ባቡር በሚተርከው ላይ፣ «ባቡሩ ፍሬን የለውም፤ ደራሲውም የለውም። ትንፋሼን ይዤ ሳነብ ድስቱ አረረብኝ» ይላል። ሌላው ላይ፣ «መርማሪው ማሰብ ባቃተው ቁጥር ሲጋራ ይለኩሳል። ገዳዩን እኔ በአርባኛው ገጽ ያዝኩት፤ ደመወዙን የሚበላው ግን እሱ ነው።» ሰው ሁሉ የሚዋሽበትን ቀን አስቀድሞ ስለሚያውቅበት አገር የተጻፈው ላይ ደግሞ፣ «መጀመሪያ ሳቅኩ። መሃሉ ላይ የራሴን ቀኖች መቁጠር ጀመርኩ፤ አላማረኝም።»

አንባቢዎቻችን ከመጽሐፉ በፊት ወረቀቱን ነው የሚያነቡት። መጨረሻውን ግን እትዬ መርፌ ለማንም አይናገሩም። ስንት ዓመት ለምኛቸው ለእኔ እንኳ አንድም ቀን ተንፍሰው አያውቁም።

ባለፈው ዓመት አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣልን። አንቱ የምለው ፊት ለፊቱ ብቻ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩ ሁሉን ነገር ማወቁ ነው። የልብ ወለዱ መደርደሪያ ይነሳና ቦታው የስብሰባ አዳራሽ ይሁን አለ። የውሰት መዝገቡን ባሳየው፣ መዋስ ማንበብ አይደለም አለኝ። አንዱን መጽሐፍ መዝዞ የፊቱ ገጾች በጣት እድፍ መጥቆራቸውን፣ የኋላዎቹ ንጹሕ መሆናቸውን አሳየኝ። የኋላዎቹ ስለጠፉ በፎቶ ኮፒ የተተኩ ናቸው ብዬ ሳልጨርስ፣ «እስከ መጨረሻው የሚያነብ አንድ ሰው አሳዪኝ» ብሎኝ ሄደ። ጉዳዩን ለቦርዱ አቀረበ፤ ውሳኔው ለሐሙስ ተቀጠረ።

መደርደሪያው ከተነሳ የእትዬ መርፌም ክፍል መዘጋቱ ነው። የሚቀሩት የሕግ መጻሕፍትና መዝገበ ቃላት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የሚከፍታቸው ስለሌለ አይገነጠሉም። ሥራ አስኪያጁ እትዬን አዳራሹ ውስጥ ወንበር የሚያስተካክሉ ሊያደርጋቸው ነበር። አርብ ጠዋት ወርጄ ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው በሽርጣቸው ጠረጉት፣ አደረጉት፣ መልሰው አወለቁት።

«ልጆቼ ትዳር ይዘው ሄዱ፤ ባሌ ሞተ» አሉኝ። «እነዚህን ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?»

ጠረጴዛቸው ላይ የዚያን ቀን አሥር ጥራዝ ነበር፤ ሰዓት ሠሪው በተቆለፈ ሱቁ ውስጥ ሞቶ የሚገኝበት የወንጀል ልብ ወለድ አምስት ቅጂ፣ ያ የውሸት ቀን አገር ደግሞ አምስት ቅጂ። ሁለቱም አዲስ ናቸው፤ ግን ሙጫቸው ከወር አላለፈም። ወረፋ የያዘው ሰው ብዙ ስለነበር እትዬ በዚያው በተከፋ ልባቸው ሰፍተው ቅዳሜ አወጡልኝ። ዘጠኙ እስከ ቀትር አለቁ። አሥረኛውን፣ የሰዓት ሠሪውን፣ ሥራ አስኪያጁ ለቦርዱ በምሳሌነት አቀርበዋለሁ ብሎ ወሰደው።

ማክሰኞ ጠዋት ባለ ሥጋ ቤቱ፣ ከነሽርጡ፣ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። ፊቱ ልክ አልነበረም። በተዋሰው የሰዓት ሠሪው መጽሐፍ መርማሪው የሟቹን ሚስት፣ ረዳቱንና ጎረቤቱን ፎቶ አንሺ ሰብስቦ፣ በሩን ዘግቶ፣ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሊናገር አፉን ከፍቷል፤ ገጹ እዚያ ላይ ያልቃል።

«ብገልጠው ንግሥት መጣችብኝ» አለ። «የምን ንግሥት ነች? ሰዓት ሠሪውን ማን ገደለው?»

መጽሐፉን ይዤ ወረድኩ። እትዬ መርፌ አንዴ አገላብጠው አዩና እዚያው የመጽሐፍ ቁልል ላይ ዘጭ አሉ። መጽሐፍ የሚሰፋው በእጥፋት ነው፤ አሥራ ስድስት ገጽ አንድ እጥፋት ይሆናል። እሳቸው ብዙ ቅጂ ሲሰፉ እጥፋቱን በየዓይነቱ ከምረው፣ የገጹን ቁጥር ብቻ እያዩ ከየክምሩ ያነሳሉ። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ማተሚያ ቤት፣ በአንድ መጠን የታተሙ፣ ሁለቱም ሦስት መቶ አራት ገጽ ናቸው። የሁለቱም የመጨረሻ እጥፋት የሚጀምረው ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ነው። ያን አርብ የመጨረሻ እጥፋቶቹ ሁለት ክምሮች ቦታ ተለዋውጠው ነበር። ቁጥሩ ገጠመ፤ ታሪኩ ተቀያየረ፤ አሥሩም ላይ።

ማተሚያ ቤቱ ነው ያበላሸው ብለን ቀስ አድርገን እንሰብስባቸው አልኳቸው።

«እኔ የሰፋሁትን ማንም አይሸከምልኝም» አሉ። «ሐሙስ ቦርዱ ፊት ራሴ እናገራለሁ።»

ተናደድኩባቸው። ሰበብ ለሚፈልግ ሰው እንዴት ሰበብ ያቀብላሉ ብዬ ጮህኩ፤ ይቅር ይበሉኝ። እሳቸው ክራቸውን መጠቅለል ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ ሰው በሰው ላይ ሆነ። አዋላጇ መጣች፤ እሷ ዘንድ ደግሞ የውሸት ቀኑ አገር ንግሥት የመጨረሻ አዋጇን ልታነብ ብድግ ስትል መርማሪ በር ዘግቶ ማብራራት ጀምሯል። ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር ስህተቱን በሦስት ገጽ አስረድተው አመጡ። ፀጉር ሠሪዋ ደንበኛዋን ከነቀለሟ ትታ መጣች። ሁሉንም ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ኑ አልኳቸው። ይህን ስል ተንኮል አላሰብኩም ብል ውሸቴን ነው።

ሐሙስ ሥራ አስኪያጁ ቦርዱ ፊት ቀድሞ ተናገረ። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። እነዚህን የሚዋሰው እስከ መጨረሻው የማያነብ ሰው ነው፤ ለፍትሕ ስል ግን አንዱን ራሴ እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ አለና የሰዓት ሠሪውን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ተራ ነገር ነው፤ እንደተለመደው ገዳዩ ተይዞ ያልቃል አለ። የቦርዱ ሊቀመንበር፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ ሴት፣ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ሌላ የሚናገር አለ ወይ ሲሉ እትዬ መርፌ ተነሱ። ሙጫ ያደረቀውን ሽርጣቸውን እንኳ አላወለቁም። ስህተቱን ከሀ እስከ ፐ ተናገሩ።

ዳኛዋ፣ ይህን ያስተዋለ አንባቢ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። በሩን ከፈትኩት። ዘጠኙም ኮሪደሩ ላይ ነበሩ፣ አንድም አልቀረ። ተራ በተራ እየገቡ ያች ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠነኛዋ ገጽ ምን እንዳደረገቻቸው ተናገሩ። ባለ ሥጋ ቤቱ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥቻለሁ አለ።

«ቅጂው አሥር ነው ብለዋል» አሉ ዳኛዋ። «አሥረኛው የት አለ?»

እትዬ መርፌ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ያለውን አሳዩ። ዳኛዋ አነሱት፣ ገለጡ፣ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ፤ ንግሥቲቱ ከሰገነቷ ወረደች ይላል። ሥራ አስኪያጁ ላብ በላብ ሆነ።

«እስከ መጨረሻው የማያነብ ሰው አለ ብለው ነበር» አሉት ዳኛዋ። «ልክ ነዎት፤ አንድ ሰው አለ።»

እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ቀለም ፈሰሰ። እትዬ መርፌ አልሳቁም። መደርደሪያው ባለበት ይቆይ ተብሎ በአንድ ድምፅ ሲወሰን ግን ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ደስታ ነበር፣ አላፈሩበትም።

ዘጠኙ ተከትለዋቸው ወረዱ። አዋላጇ ክር ትፈታለች፣ መምህሩ የገጽ ቁጥር ያያሉ፣ ባለ ሥጋ ቤቱ መጭመቂያውን ያጠብቃል። አሥሩም እየተፈቱ በየመጨረሻቸው ተሰፉ። ባለ ሥጋ ቤቱ የራሱን እዚያው ቆሞ አንብቦ ጨረሰና እጁን ራሱ ላይ ጭኖ አፉን ሲከፍት፣ ስምንቱ ባንድ ድምፅ ዝም አሰኙት። እትዬ መርፌ ያን ጊዜ ሳቁ።

በሁለተኛው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛዬ መጥቶ አሥረኛውን ቅጂ በስሙ ተዋሰ። ከሦስት ቀን በኋላ ለእትዬ ክር ላደርስ ስወርድ በራቸው ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ጣቱን ገጹ መሃል አስገብቷል። መርማሪው በሩን የዘጋበት ቦታ ደርሷል።

«ሚስቱ ናት፣ አይደል?» አላቸው።

እትዬ መርፌ ተነስተው ሁለተኛው ወንበር ላይ ያለውን ቁልል አንድ በአንድ ወደ ወለሉ አወረዱ። ወንበሩ ባዶ ሲሆን ሳይ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

«ተቀምጠው ይጨርሱት» አሉት፤ እሱም ተቀመጠ።