የትኛው ሀ?

አዳማ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ የጫማ ካርቶን የምታህል ጥቁር ሳጥን አለች። ሰርቨር ናት። ውስጧ አራት ሃርድ ዲስኮች ተደርድረዋል፤ የቤተሰቡ ፎቶና ቪዲዮ በሙሉ እዚያ ነው። አራቱ ሸክሙን አልጋ እንደሚያነሱ ሰዎች ተጋግዘው ይይዙታል። አንዱ ቢለቅ ሦስቱ እያቃሰቱም ቢሆን ይችሉታል፤ ሁለት ከለቀቁ ግን አልጋው ይወድቃል።

እናቴ ከመሞቷ በፊት የቀረጽኩት ድምጿም እዚያ ነበር። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። እንጀራዬ ኮምፒውተር ነው፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሁለት ቦታ አስቀምጡ ስል እውላለሁ። የራሴን አላስቀመጥኩም። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

አባቴ ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር ነው። ሳጥኗን የገዛሁ ሰሞን ዲስኮቹ ላይ ቁጥር ልለጥፍ ስል ፊደል እያለን ብሎ ከለከለኝ። በዚያ በሰሌዳ ጽሑፉ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ በራሱ እጅ ለጠፈባቸው። የመጀመሪያው ሀሌታው ሀ፣ ሦስተኛው ሐመሩ ሐ መሆኑ ነው፤ ለዓይን ይለያያሉ፣ ለጆሮ ግን አንድ ናቸው። እኔ ስጽፍ ለይቻቸው አላውቅም፤ ስልኬ ላይ የቀረበኝን እነካለሁ። አባቴ የላክሁለትን መልእክት አርሞ ይመልስልኛል። እውነቱን ለመናገር ያናድደኛል።

ባለፈው ክረምት ዲስኮቹ ስለሞሉ በትልልቆች ልቀይራቸው አራት አዲስ ገዛሁ። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ አንዱን ታወጣለህ፣ በቦታው አዲሱን ታስገባለህ፣ ሦስቱ የድርሻውን እስኪጽፉለት ሙሉ ቀን ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ታልፋለህ። ሳልጀምረው ሻሸመኔ ለአንድ ሆቴል ኔትወርክ ልዘረጋ ሄድኩ። መሰላል ላይ ቆሜ ሳለ ከሳጥኗ መልእክት ደረሰኝ። ሦስተኛው ዲስክ ሞቷል ይላል።

በማግስቱ ስለምመለስ መጠበቅ እችል ነበር። ግን ሦስቱ ብቻቸውን ማደራቸው አሳሰበኝና አባቴ ጋ ደወልኩ። አዲሱ ዲስክ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ፣ ሳጥኗን ማጥፋት እንደማያስፈልግ፣ መያዣውን ተጭኖ መሳብ ብቻ መሆኑን አስረዳሁት። መነጽሩን ፈልጎ መጣ።

«ሐን አውጣው» አልኩት።

«የትኛውን? ሀሌታውን ነው ሐመሩን?»

ታች ሁለት ሠራተኞች ገመድ ይዘው ይጠብቁኛል። ጥያቄውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ።

«አባዬ፣ ሀ ሀ ነው። ምን ለውጥ አለው? በቃ አውጣው።»

በኋላ እንደነገረኝ፣ ሳይለይ የተጠራ ሀ የመጀመሪያው ነው ብሎ ከላይ ያለውን፣ ደህናውን፣ ሳበው። ሳጥኗ ስትጮህ በስልኩ ውስጥ ሰማኋት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ደረሰብኝ።

ምንም ነገር እንዳይነካ ነግሬው ሥራውን ትቼ በተገኘው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እስከ መቂ በአባቴ ተናድጄ ነበር፤ ከመቂ ወዲህ በራሴ። ቆቃ ስንደርስ የእናቴን ድምፅ ለማስታወስ ሞከርኩ። ፊቷ መጣልኝ፣ ድምጿ ግን እምቢ አለ። ያኔ ፈራሁ።

አባቴ ሳጥኗ ፊት ወንበር ስቦ ተቀምጧል። ያወጣውን ዲስክ በንጹሕ መሐረብ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዞታል። ሀን ወደ ቦታው መለስኩና ሳጥኗ መልሳ እንድትቀበለው ትእዛዝ ሰጠኋት። ሁለቴ እምቢ ብላ በሦስተኛው ተቀበለችው። ሐን አውጥቼ አዲሱን አስገባሁ፤ እስከ ማግስቱ ከሰዓት ድረስ ስትጽፍ ቆየች። ዕድል ነው እንጂ ሙያ አልነበረም።

ስትጨርስ መጀመሪያ የእናቴን ድምፅ ሌላ ሁለት ቦታ ገለበጥኩ። ከዚያ ደህና መሆኑን ለማየት የመጨረሻውን ቀረጻ ከፈትኩት። እናቴ መልካሳ አጠገብ ገጠር ያደገች፣ በኦሮምኛ አፏን የፈታች ሴት ናት። ትምህርት ቤት አልገባችም። በመጨረሻው ዓመቷ አባቴ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ፊደል ያስቆጥራት ነበር።

«ያ ረቢ፣ ይሄም ሀ፣ ያም ሀ» አለች። «ሦስት ሀ ምን ያደርግላችኋል?»

በቀረጻው ውስጥ አባቴ ሲስቅ ይሰማል። «አሁን ደክሞሻል» አላት። «ነገ እነግርሻለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ቀረጻ የለም። አባቴ መነጽሩን አውልቆ በዚያው መሐረብ ጠረገው።

«አልነገርኳትም» አለ።