አባዬ እንብላ ያለው ሰው

ኬንሲንግተን ውስጥ ከባቡር ወርጄ ወደ ቤት ስሄድ የማልፈው አንድ አጥር አለ፤ ከዳር እስከ ዳር የጥብስ ቅጠል የበቀለበት። ለጌጥ ነው የተከሉት፣ ማንም አይቆርጠውም። ሳልፍ እጄን ሰደድ አድርጌ አሸት አሸት አደርገውና መዳፌን ወደ አፍንጫዬ እወስዳለሁ። ወዲያው ያ ቅዳሜ ይመጣብኛል። ሰው ቢያየኝ አበደች ይላል፤ ይበል።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ጠዋት ነርሲንግ እማራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሺፍት እገባለሁ። እናቴ በሞተች በስምንተኛው ወር አባዬን በቪዚተር ቪዛ አስመጣሁት። ኤርፖርት ስቀበለው መጀመሪያ አላወቅሁትም ብልሽ ታምኛለሽ? ኮቱ ሰው የለበሰው ሳይሆን ሚስማር ላይ የተሰቀለ ነበር የሚመስለው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ምግብ አልወርድ ብሎታል ብለው አክስቶቼ በስልክ ነግረውኝ ነበር፤ እንዲህ መስሎ ግን አልታየኝም።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። አበላዋለሁ፣ አወፍረዋለሁ፣ አገር ጉድ እስኪል አሳምሬ እመልሰዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። እሁድ እሁድ የሳምንቱን ወጥ እሠራና በየዕቃው ከፋፍዬ ፍሪጅ ውስጥ እደረድራለሁ፤ በየክዳኑ ላይም ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ብዬ እጽፋለሁ። ማይክሮዌቭ አጠቃቀም አስተማርኩት። ከሥራ ስመለስ ግን ዕቃው ተከፍቶ ጠርዙ ብቻ ተነክቶ አገኘዋለሁ። "አባዬ፣ ለምን አልበላህም?" ስለው፣ "በላሁ እኮ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ" ይለኛል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆነ ሰውዬ ዓይን ዓይኔን እያየ ይዋሸኝ ነበር!

በአምስተኛው ሳምንት ቲኬቱን እንዳስቀይርለት ለመነኝ። "ቤቴ ልግባ" አለ። እንዲህ ሆኖ ከሄደ እንደማይከርም ታወቀኝ። የእናቴን ቀብር ቪዛዬ አልደርስ ብሎ በስልክ ነበር የሰማሁት፤ የአባዬንም እንደዚያው ልሰማ ነው ብዬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ሥራ ቦታ የምንከባከባት አንዲት ነገረኛ አሮጊት ነበረች። ፊቴን አይታ ጠየቀችኝና ነገርኳት። "ወደ ገጠር ውሰጂው" አለችኝ፤ "የድንች አገር ውሰጂው። እዚያ ያልበላ ሰው ሌላ ቦታ አይበላም።" የተወለደችበትን መንደር ስም በወረቀት ጻፈችልኝ። ያን ቅዳሜ ሺፍቴን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ለሁለት ሰው ምሳ ቡክ አደረግሁ።

በመኪናዬ ሴንት አልባንስን አልፈን ዋናውን መንገድ ስንይዝ ቤቱ ሁሉ አለቀና ሰማይ ብቻ ሆነ። ቅጠል የሚረግፍበት ጊዜ ነበር፤ ጉሙ ከኮረብታው ላይ ቀስ እያለ ይነሣል፣ ከሥሩ ለምለም ሣር፣ ሣሩ ላይ በግ፣ ማለቂያ የሌለው በግ። አባዬ አፉን ከፍቶ ቀረ። "ይህን ሁሉ በግ ማን ነው የሚጠብቀው?" "ማንም" አልኩት። "ሌባስ? ጅብስ?" "ጅብ የለም አባዬ።" "ወይ ጉድ! ጅብ የሌለበት አገርም ተፈጥሯል!" ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ኮረብታውን ስንወጣ አፈሩ ድንገት ቀይ ሆነ። መኪናዋን አስቆመኝ። አባዬ ጡረታ እስኪወጣ የእርሻ ጣቢያ ሠራተኛ ነበርና አፈር አይቶ ማለፍ አይችልም። ከመንገዱ ዳር አንድ እፍኝ ዘግኖ ፈረከሰው፣ አሸተተው፣ ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ነፋሱ ብቻ ነበር የሚሰማው። እኔም አብሬው ቆምኩ፤ እንደዚያ ያለ ስፋት እዚህ አገር ሦስት ዓመት ኖሬ አይቼ አላውቅም ነበር። ከተማና ሆስፒታል፣ ከተማና ሆስፒታል ብቻ ነበር የማውቀው።

መንደሩ ስንደርስ ምሳ ቡክ ያደረግሁበት ቤት ባለ በረንዳ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ በሩ ላይ የቢራ ሥዕል ተሰቅሏል። አባዬ ደረጃው ላይ ቀጥ አለ። "ልጄ፣ መጠጥ ቤት ነው ያመጣሽኝ?" የፈረንጅ ገጠር ደህና ምሳ የሚገኘው መጠጥ ቤት መሆኑን ለአንድ የጴንጤ ሽማግሌ እንዴት ብዬ ላስረዳ? መብያው ሌላ ክፍል ነው ብዬ ማልኩለት። "ቤተ ክርስቲያናችን ያሉት ሽማግሌዎች ቢሰሙ..." "ሽማግሌዎቹ ባሕር ማዶ ናቸው አባዬ፣ ግባ!" ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ስቦ፣ እንደ ሰረቀ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ገባ።

ውስጡ ሞቃት ነበር። የግንድ ፍም የሞላበት ምድጃ፣ በረጅሙ መስኮት የሚገባ የቀትር ብርሃን፣ ከመስኮቱ ማዶ ደግሞ ያ ቀይ መሬት። ሰሃኖቹ ሲመጡ ሁለታችንም ደነገጥን። የተጠበሰ የበግ ሥጋ ከነአጥንቱ፣ ላዩ ላይ የጥብስ ቅጠል፣ ዙሪያውን ወርቅ የመሰለ ድንችና ዱባ። "ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው ነው?" አለ አባዬ። አሸተተው። ሹካውን አንሥቶ ድንቹን ገልበጥ አደረገውና መልሶ አስቀመጠው። አለቀልኝ አልኩ።

ለካ ሊጸልይ ነው። ብድግ ብሎ ቆመ። አባዬ አጭር ጸሎት አያውቅም፤ ቀስ ያለ ጸሎትም አያውቅም። ጨዋታው ሁሉ ጸጥ አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። አንድ ዓይኔን ገለጥ ሳደርግ ግን፣ አጠገባችን ብቻቸውን የተቀመጡ ትልቅ ሰው፣ ፊታቸው በፀሐይ የተጨማደደ ገበሬ፣ ሹካቸውን አስቀምጠው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው አየሁ። አባዬ ሲጨርስ "አሜን" አሉ በራሳቸው አነጋገር።

አባዬም ዞር ብሎ በእጁ ወደ ሰሃኑ እያመለከተ "እንብላ!" አላቸው፤ በአማርኛ።

መቼም የኛ እንብላ ታውቂዋለሽ። አንዱ እንብላ ይላል፣ ሌላው ብሉ፣ ይባረክ ይላል፣ አለቀ። ሆዱ እየጮኸ ያለ ሰው እንኳ አይመጣም። ገበሬው፣ አባዬ ምን እንዳለ ጠየቁኝ፤ እኔ ሞኝ ደግሞ ቃል በቃል ነገርኳቸው። በአንድ እጃቸው ሰሃናቸውን፣ በሌላው ቢራቸውን ይዘው ተነሡ። "መጣ እኮ!" አለኝ አባዬ ደንግጦ። "ጠርተኸው ነዋ!"

ከዚያ የሆነውን እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል። አባዬ ኮቱን ቆለፈ፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር ሳበላቸው፣ የቢራውን ብርጭቆ በጨዋ ደንብ በውሃ ማሰሮው ጋረደው። ጋባዥ ሆነ። እንግዳ እየበላ ጋባዥ እጁን ቢሰበስብ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ በላ። እሳቸው ሲጎርሱ ይጎርሳል፣ እሳቸው ሲቆርጡ ይቆርጣል። እኔ ሹካዬን አስቀምጬ አየው ነበር።

ገበሬው ድንቹን በሹካ እያሳዩ በመስኮቱ ወደ ቀዩ መሬት ጠቆሙ፤ "የኔ ነው" አሉ። በጉም ከኮረብታው ጀርባ የጎረቤታቸው ነው። ተረጎምኩለት። አባዬ ድንቹን አፉ ላይ እንዳደረሰ ቀረ። መሬቱን አየ፣ ድንቹን አየ፣ ቀይ አፈር የገባባቸውን የተሰነጣጠቁ ጣቶች አየ። "ታዲያ የራሱን ድንች ነው የጋበዝኩት?" ብሎ ሳቀ። እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ የአባዬን ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በእጁ ሥጋ ቆርሶ ዘረጋላቸው። "አፍህን ክፈት በይው።" ፈረንጁ እኔን አዩኝ፣ አባዬን አዩ፣ ከፈቱ። ቤቱ ሁሉ ያየን ነበር። "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ብሎ ደገማቸው። እሳቸውም አሰብ አደረጉና አንድ ድንች በሹካቸው ወግተው ወደሱ ዘረጉ። አምስት ሳምንት ሙሉ ለምኜ ያልተከፈተልኝ አፍ ለማያውቀው ሰው ተከፈተ። ቅናት አልልሽም፤ የሆነ ቅዱስ ነገር ፊት የተቀመጥኩ ነበር የመሰለኝ። ሰሃኑን በዳቦ ጠርጎ ጨረሰው።

ስንመለስ ቀዩን አፈር እስክናልፍ በመስኮቱ እያየ ሄደ። ከዚያ "ወጥሽ ምንም አልጎደለውም፣ ልጄ" አለኝ። "ብቻዬን መብላት ነው ያቃተኝ። አርባ ዓመት ከእናትሽ ጋር በአንድ ትሪ ነው የበላሁት። ያን ሰኞ ብለሽ የጻፍሽበትን እከፍተዋለሁ፣ ከዚያ ማንን ብላ ልበል?"

በሐሳቤ ወደ ኋላ ሄድኩ። አምስት ሳምንት፤ አንድ ቀን እንኳ አብሬው ቁጭ ብዬ አልበላሁም። ሥራ ቦታ ቆሜ፣ ባቡር ላይ ከላስቲክ እያወጣሁ ነበር የምበላው። በላሁ እኮ እያለ የዋሸኝም እንዳላፍር ነው። መኪናዋን ዳር አቆምኩና ይቅር በለኝ አልኩት። "ምን አጠፋሽና" አለኝ፣ ራሴን እየዳበሰ።

ሰኞ ሺፍቴን ቀየርኩ፤ ቲኬቱንም አላስቀየርኩም። ሰባት ሳምንት ነበር የቀረን፤ ሰባቱንም ሳምንት እራታችንን አብረን በላን። ከዚያ ሄደ፤ እኔም ዳግመኛ በዓይኔ አላየሁትም። ሞቱ እስኪመጣ ስደውልለት ገና ሰላም ሳይለኝ "ዛሬ ከማን ጋር በላሽ?" ይለኝ ነበር። ብቻዬን በበላሁባቸው ቀናትም "ከጓደኞቼ ጋር፣ አባዬ" እለው ነበር።