ስድስት ሳንቲ ሜትር

ያን ዕለት ደጀን ላይ የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ፤ በአባቴ ስም የሚፈርመው እሱ ነበር። የአባቴ የነፍስ አባት፣ ቄሱ፤ ስምምነቱን ሊመርቁ ከደብረ ማርቆስ አብረውን መጡ። ከአዲስ አበባ የመጣው ደላላ። መኪናችንን ጭኖ የወሰደው የአይሱዙ ሹፌር። የተቀመጥንበት ምግብ ቤት ባለቤት፣ ጠና ያለች ሴት። እና እኔ።

አባቴ አልነበረም። ዓይኑ ከጠፋ አራት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ኩላሊቱም ስለታመመ መንገዱን አይችለውም። ሜትሩን ከመሣሪያ ሣጥኑ አውጥቶ በእጄ አስያዘኝና «አንተ ካየሃት እኔ አየኋት ማለት ነው» አለኝ።

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ የጣሊያን ስፖርት መኪና ነበረች። አባቴ መካኒክ ነው። በወጣትነቱ ከአንድ ሰው ግቢ ዶሮ ሲያድርባት አገኛትና የበሰበሰውን ላሜራ እየቆረጠ፣ አዲስ እየበየደ፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ አድርጎ ሠራት። እናቴን ለሠርጋቸው ያመጣት በእሷ ነው። በኋላ ካምቢዮዋ ተሰበረ። መለዋወጫው አገር ውስጥ አልተገኘም፤ መጋዘናችን ውስጥ በሸራ ተሸፍና አሥራ አንድ ዓመት ቆመች። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሸራውን ገልጦ በእጁ ይዳስሳት ነበር። ቀሪውን ቀን የብሎን ሣጥኑን ታቅፎ ይቀመጣል። ብሎኑን በሁለት ጣቱ ይዞ አሥር፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሰባት እያለ ይለያል። ከኋላው ቆሜ አይ ነበር፤ ተሳስቶ አላየሁትም።

ሕመሙ ሲጠና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ በዚያች መኪና ተቀምጦ አንድ ጊዜ ሮብ ገበያ መግባት። ከደብረ ማርቆስ ብዙ የማትርቅ የገጠር ከተማ ናት፤ የተወለደው እዚያ ነው፤ ወላጆቹም የተቀበሩት እዚያ ነው። እናቴ በሚኒባስ እንውሰድህ ብትለው «በሚኒባስማ ሬሳም ይሄዳል» አላት።

ደላላው የደወለው በዚህ መሀል ነው። ከእናንተዋ ጋር አንድ ዓይነት የሆነች፣ የምትሄድ መኪና አለችኝ አለ። የቆመችውን ለምትሄደው፤ ጭማሪ የሌለው ልውውጥ። የቆመች መኪና ለምን እንደሚፈልግ ስንጠይቀው አሮጌ መኪና ለሚሰበስብ ሰው እንደሆነ ነገረን። ፎቶዎቹን በስልኬ አየኋቸው፤ ለአባቴም አንድ በአንድ ነገርኩት። መብራቷን፣ መስተዋቷን፣ የመሪዋን እንጨት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ያችው ከሆነች ትሁን። ግን ለካት» አለ። ልኩን ሁለታችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት ሁለት ሜትር ከሠላሳ አራት።

ደጀን ስንደርስ ቀይዋ መኪና ምግብ ቤቱ ደጅ ላይ ቆማለች። ጾም ነበር፤ ሌሎቹ ሽሮ ሊበሉ ገቡ። እኔና የአይሱዙው ሹፌር ውጭ ቀረን። በሯን በጣቴ አንኳኳሁት፤ የጄሪካን ድምፅ ሰጠ። ከበሩ ሥር ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ነበር፤ እዚያ ላይ ዝገት መታየት ሲገባው ነጭ ክር ነው የሚታየው። ላሜራ አይደለም፣ ፋይበር ነው። የሻንሲ ቁጥሯ የተጻፈበት ሰሌዳ አሮጌ ነው፤ የያዙት የሪቬት ምስማሮች ግን አዲስ ናቸው። ሜትሩን ዘረጋሁ።

ደላላው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ወጣ።

«ኢንጅነር፣ ልብስ ልታሰፋላት ነው?»

የአይሱዙው ሹፌር ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ። ደላላው ተመልሶ ገባ።

ሁለት ሜትር ከአርባ። ደግሜ ለካሁ፤ በሌላው ጎንም ለካሁ፤ ሁለት ሜትር ከአርባ። ይህ የዲኤክስ ልክ ነው። ዲኤክስ የምንለውን የድሮ ኮሮላ ከአባቴ ጋር ስንቱን ፈትቼ እንደገጠምኩ አላስታውስም። አንድ ሰው አንድ ቦታ የዲኤክስ ሻንሲና ሞተር ወስዶ፣ የእኛን መኪና መልክ በፋይበር አውጥቶ አልብሶታል። ሥራው መጥፎ አልነበረም። ሠሪው ትዕግሥት ያለው ሰው ነው።

ሜትሩን ጠቅልዬ ወደ ምግብ ቤቱ በር ሄድኩ። ውስጥ ያሉት ሁሉ ቆመዋል። አጎቴ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። የቄሱ መስቀል በእጃቸው ነው።

በእኛ አገር በሬ ሲሸጥ ጥርሱ የሚታየው ከምርቃት በፊት ነው። ከተመረቀ በኋላ እንከን ያወጣ ሰው የነቀፈው በሬውን አይደለም፤ መራቂውን ነው። ቄሱ ደግሞ ለአባቴ ሲሉ በጾም አንጀታቸው ያን ሁሉ መንገድ የመጡ ሰው ናቸው።

«ለሰጠውም ለተቀበለውም ይባርክለት» አሉ።

«አሜን» አልን።

«ለክፉ ቀን ሳይሆን ለደግ ቀን ያድርጋት።»

«አሜን።»

«ለታመመው የምሕረት መሄጃ ያድርጋት።»

ሦስተኛውንም አሜን አልኩ። ድምፄ ከሌሎቹ አያንስም ነበር።

የቀይዋ ሞተር የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። አጎቴ ጆሮውን ዘንበል አደረገ።

«ይሄ የታክሲ ድምፅ ነው እኮ።»

«ጋሼ፣ ሞተር ምን ዘር አለው፣ ሁሉም ቤንዚን ነው የሚጠጣ» አለ ደላላው።

ቄሱን አንዳችን በሚኒባስ እንሳፈር፣ እርስዎ በእሷ ይሂዱ ብንላቸው «በዚህች ብገባ ምእመናኑ ምን ይሉኛል» ብለው በሚኒባስ ሄዱ። የእኛ መኪና አይሱዙው ላይ በገመድ ታስራ ወደ ዓባይ ቁልቁል ወረደች። ሸራዋ ከኋላ በኩል ተፈቶ ይርገበገብ ነበር።

ለአጎቴ የነገርኩት መንገድ ላይ ነው።

«እዚያው ለምን አልተናገርህም?»

«ቄሱ ጀምረው ነበር።»

«አልጀመሩም» አለ። ቆይቶም «እሱ እንደሁ አያይ። እንዳትነግረው። ሮብ ገበያ ይግባ እንጂ ከዚያ ወዲያ የፈለገችውን ትሁን» አለኝ።

አባቴ ድምፁን እንዳይሰማ ሞተሩን ከሩቅ አጥፍተን ገፍተን አስገባናት። ለምን እንደምንገፋት ጠየቀ። አጎቴ ቤንዚን አለቀ አለው። ፀሐይ አዘቅዝቃ፣ የማታው ብርድ ጀምሮ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ላሜራ ከቅዝቃዜው የተነሣ እጅን ያቃጥላል፤ ፋይበር ግን እንዲያ አይቀዘቅዝም። እጁን መከላከያዋ ላይ አሳረፈ። አላነሣውም። ከዚያ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ኋላ ወሰደው።

«ለካሃት?»

«ለካኋት።»

«ስንት?»

«ሁለት ሜትር ከሠላሳ አራት።»

እጁ እዚያው ነበር።

«እንግዲያ እጄም እንደ ዓይኔ ሆኗል ማለት ነው» አለ።

ሞተሯን አስነሣ አላለኝም። ይህን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቃት ሰው እንዴት ድምፅዋን ልስማ አይልም? በማግስቱ ሮብ ገበያ እንሂድ ስለው «ሌላ ቀን» አለ፤ በሳምንቱም እንዲሁ። የብሎን ሣጥኑን ከዚያ ወዲያ አልነካም። አንድ ቀን አሥራ ሦስት ቁጥር አቀበልኩት፤ ጣቶቹ መሀል አዟዟረውና «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንተው እይ» ብሎ መለሰልኝ። አሥራ ሦስት መሆኑን ልነግረው ፈለግሁ። ግን ቁጥር ከእኔ አፍ ሲሰማ ምን እንደሚያስብ ፈራሁና ብሎኑን ወደ ሣጥኑ መለስኩት። ሰኔ ሳይገባ ሞተ። ሮብ ገበያ አልገባም።

ይህን የጻፍኩት ያን ዕለት ደጀን ለነበራችሁት፣ እኔ እንደማስታውሰው ነው። በሩ ላይ ስደርስ መስቀሉ በቄሱ እጅ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ፤ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ እንደነበር ግን እርግጠኛ አይደለሁም። አጎቴ፣ «መስቀሉን ያወጡት አንተን አይተው ነው» ትለኛለህ። ቄሱን ሁለት ጊዜ ልጠይቃቸው ሄጄ ሁለቴም ሳልጠይቅ ተመልሻለሁ፤ ይህን ካነበቡ ይንገሩኝ። ሹፌሩም፣ ከእኔ ጋር ደጅ ቆመህ ነበርና ከውስጥ ድምፅ ሰምተህ እንደሆነ። የምግብ ቤቱ እመቤት፣ እርስዎ ከሁሉም ይበልጥ ያውቃሉ፤ ሳህኖቹን ይዘው በሩ አጠገብ ነበሩ፣ ዘወር ብለውም አሳለፉኝ። ያን ጊዜ ቄሱ ጀምረው ነበር? እኔን ለማጽናናት ብላችሁ አትጨምሩ። የሰማችሁትን ብቻ ንገሩኝ።