ጫት የጠጣችው አይጥ እና የጠበበኝ ጫማ

ጫማዬ ቀኑን ሙሉ ሲጠበኝ ዋለ። የዘንድሮ ጫማ ሳይታጠብም ይጠባል!

እያነከስኩ የእህቴ ልጅ ሆዳን የምትማርበት ቤተ ሙከራ ሄድኩ። ሁለት አይጦች በደፈረሰ ውሃ ሥር የተደበቀ መቆሚያ እንዲያገኙ አሰልጥናለች። አንዷ ወተት፣ ሌላዋ የጫት ጭማቂ ስትጠጣ ሰንብታለች።

"ጫት አእምሮ ይከፍታል! ጫት የጠጣችው የእኔ ናት፤ ከተሸነፈች መቃም እተዋለሁ" ብዬ ተወራረድኩ።

ወተት የጠጣችው ምንም ሳይታያት ቀጥ ብላ ዋኝታ መቆሚያው ላይ ወጣች። ሱብሃነላህ! ባቄላ በምታክል አንጎል ውስጥ ካርታ አለ!

የእኔዋ ዙሪያውን ስትዞር ቀረች።

"አይዞህ አብቲ፣ ሁለት አይጥ ማስረጃ አይሆንም" አለችኝ ሆዳን፤ በሶማሊኛ አጎቴ ማለቷ ነው።

እኔም ውርርዱን ልሰርዝ ነው። እናንተስ ጫት ምን አስረስቷችሁ ያውቃል? ቆዩ፣ የቤቴ በር ተንኳኳ።

ጎረቤቴ ነው፤ ጫማ አንጠልጥሏል። "ትናንት ከጫት በርጫው ስትወጣ የእኔን ተጫምተህ ሄድክ፤ ይኸው ያንተ!"

ሆዳን፣ ሦስተኛው አይጥ ተገኝቷል።